ችግሩ ባትሪው አይደለም

የመኪና ቁልፍ ሲዞር ሞተሩ ካልተነሳ፣ ከወለሉ ስር «ጭ» የምትል ድምፅ ትሰማለች። አንዲት ብቻ፤ ደረቅ ጭራሮ እንደ መስበር። ብዙው ሾፌር ይሰማትና ተሳድቦ ይረሳታል። እኔ ሦስት ዓመት ሙሉ አልረሳኋትም። በር ሲቆለፍ እሰማታለሁ። ሰው ስኳር በጥርሱ ሲሰብር እሰማታለሁ። ለመጻፍ ተቀምጬ የብዕሬን ክዳን ስከፍት እሰማታለሁ።

ከዚያች ድምፅ በፊት ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። ሰይፉ እባላለሁ፤ ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ተወልጄ ያደግሁት አሰበ ተፈሪ ነው። ትምህርቴን ከአራተኛ ክፍል አቋርጬ፣ ማንበብን ያጠናሁት ሱቅ ውስጥ ስኳርና ጨው በሚጠቀለልበት አሮጌ ጋዜጣ ላይ ነው። ወረቀቱ ተቀዶ መጨረሻው የጠፋብኝን ታሪክ ራሴ እጨርሰው ነበር፤ ግጥም መጻፍ የጀመርኩትም እንደዚያ ነው። አንድ ሥራ ላይ ስድስት ወር ከቆየሁ ይጨንቀኛል። ኪሴ ሁልጊዜ በተጣጠፈ ወረቀት የተሞላ ነበር። የሚሰማኝ ግን አልነበረም። ሦስት ጊዜ ለጋዜጣ ልኬ መልስ አላገኘሁም። ለጓደኞቼ ሳነብ ያዛጋሉ፤ ስጨርስ «ደግ ነው፣ በል አሁን ካርታውን አምጣ» ይሉኛል።

በዚያን ጊዜ አንድ የውጭ አገር ሐኪም በከተማችን ትንሽ ክሊኒክ ነበራቸው። ወደ ገጠር የሚወጡበት መኪና ግን እንደ ሌላው መኪና አልነበረም። ቤት ነበር። ሁለት አልጋ፣ ምድጃ፣ የውሃ በርሜል፣ የመድኃኒት ሣጥን፣ መጋረጃ ያለው መስኮት ነበረው። ጣሪያው ላይ ሰውን ለክትባት የምንጠራበት ድምፅ ማጉያ ተገጥሞለታል። ሰዉ «መኪና ቤት» ይለዋል። እኔ ሾፌሩም መካኒኩም ነበርኩ፤ መካኒክነቱንም እንደ ንባቡ በራሴ ነው የተማርኩት።

መኪና የማያውቅ አንባቢ እንዲከተለኝ አንድ ነገር ላስረዳ። መኪና ቤቱ ሁለት ባትሪ ነበረው። አንዱ ሞተር ያስነሳል። ሌላው የቤቱን አምፖልና ድምፅ ማጉያውን ያሠራል። ከሾፌሩ ወንበር ስር አንድ የብረት እጀታ አለ። እጀታው ወደ ላይ ሲነሳ ሁለቱ ባትሪዎች ይገናኛሉ፤ ሞተሩ እየሠራ ሳለ ዲናሞው ሁለቱንም ይሞላቸዋል። መኪናው ሲቆም ግን እጀታው መውረድ አለበት። ካልወረደ ቤቱ የሁለቱንም ጉልበት ይበላና ለሞተር ማስነሻ የሚተርፍ አይኖርም።

ሐኪሙ ይህን ሲያስተምሩኝ በተሰባበረ አማርኛቸው «ሰይፉ፣ መኪና ቆመ፣ እጀታ ወደ ታች። ሁልጊዜ። ረሳሁ የለም» አሉኝ። ሌላም ነገር ነገሩኝ፦ የደከመ ባትሪ አንድ ሰዓት ካረፈ ትንሽ ጉልበት ይመልሳል። ምነው ይህችን ሁለተኛዋን ባልነገሩኝ እያልኩ ዛሬም አስባለሁ።

ያን ሳምንት ሐኪሙ ሕመምተኛ በዝቶባቸው ከከተማ አልወጡም። እኔንና የክሊኒኩን ድሬሰር፣ ረዳታቸውን ጋሼ ጌታነህን ለፈንጣጣ ክትባት ወደ መቻራ በኩል ላኩን። ጋሼ ጌታነህ ከጎጃም ተመድበው የመጡ፣ ኦሮምኛ የማይሰሙ፣ መርፌያቸውን እንደ ዓይናቸው የሚጠብቁ ሰው ናቸው። ያረፍነው ከመቻራ ወደ ገለምሶ ከሚወስደው መንገድ ተገንጥሎ፣ የአንድ ሰዓት የእግር ጉዞ ያህል ሽቅብ በምትገኝ የቅዳሜ ገበያ ነው። ሌሊቱን ዘንቦ ስለነበር መኪናውን ከመንገዱ ዝቅ ብሎ ከሚገኝ ትልቅ ዋርካ ስር አቁሜዋለሁ።

ጧት ሦስት ሰዓት ላይ ገበያው መሙላት ሲጀምር ጋሼ ጌታነህ ጠረጴዛቸውን ዛፉ ስር ዘረጉ።

«ሰዉን ጥራልኝ፣ ከዚያ ዝጋው» አሉኝ። «ባለፈው ቦርደዴ ገበያ ላይ ፍየሉን ሁሉ በግጥም አስበርግገሃል። ዶክተሩ ያሉህን አትርሳ።»

አልረሳሁም። ሐኪሙ ከቦርደዴው በኋላ፣ ማይክሮፎኑን ዳግመኛ ለግጥም ካነሳሁት ቁልፋቸውን እንድመልስ ነግረውኛል።

በኦሮምኛም በአማርኛም ጠራሁ። ሰዉ መጥቶ ተሰለፈ። ጋሼ ጌታነህ ጎንበስ ብለው ሥራቸውን ጀመሩ። እኔ ማይክሮፎኑን በእጄ ይዤ ሾፌሩ ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ፤ ኪሴ ውስጥ ደግሞ ከትናንት ወዲያ የጨረስኩት ግጥም አለ። «ሰልፉ እንዳይሰለች ትንሽ ላንብብ» አልኩ፤ ለጋሼ ጌታነህ ሳይሆን ለራሴ። ከዚያ አነበብኩ።

*ጉም የለበሰ ተራራ፣ ቀን ቢወጣም አይታይ፤*
*ድምፄን ስሙልኝ ሰዎች፣ ሳልደመጥ እንዳልለይ።*

የሚገርመው፣ ሰሙኝ። አብዛኛው ሰው አማርኛ አይሰማም፤ ግን ገበያው ዝም አለ። ጫት የሚያስሩት ሴቶች እጃቸውን አቆሙ። ድምፄ ከማዶው ገደል ላይ ተመልሶ ሲመጣ የራሴ አልመስል አለኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተሰምቼ አላውቅም። ጋሼ ጌታነህ ቀና ብለው በጣታቸው ዛቱብኝ፤ ሰልፉ ስለረዘመ ግን ሊነሱ አልቻሉም። አንዱን ጨርሼ ሌላ፣ ሌላውን ጨርሼ ሌላ ቀጠልኩ። ከአንድ ሰዓት በላይ ሳነብ የቤቱ ባትሪ ደከመና ድምፄ እየሟሸሸ ሄደ። ያኔ እጄን ከወንበሩ ስር ሰድጄ እጀታውን ወደ ላይ አነሳሁት። ድምፄ ተመልሶ አስተጋባ። እስከ አምስት ሰዓት አነበብኩ።

እጀታውን ሌላ ማንም አላነሳውም፣ ረስቼውም አይደለም። እኔ ነኝ ያነሳሁት፣ ድምፄ እንዳይደክም።

አምስት ሰዓት እንዳለፈ አንድ ወጣት ገበሬ ሰልፉን ጥሶ መጣ። ዩያ ይባላል። ቤቱ ከገበያው በላይ ነው፤ ከዋርካው ስር ሆኖ ይታያል። ሚስቱ ሙሚና ምጥ ከያዛት ሁለት ቀኗ ነው። ጋሼ ጌታነህ ቦርሳቸውን ይዘው አብረውት ወጡ። ሲመለሱ እየሮጡ ነበር፤ ሲሮጡ አይቻቸው አላውቅም።

«ልጁ ተጋድሟል። የወጣው እጁ ነው» አሉኝ። «በእኔ እጅ የሚሆን አይደለም። ቢላዋ ነው የሚያስፈልጋት። ዛሬውኑ ዶክተሩ ጋ እናድርሳት፣ አሁኑኑ አስነሳ!»

አራት ጎረምሶች ሙሚናን ከነአልጋዋ አወረዷት። ወደ መኪና ቤቱ አስገብተን መጋረጃ ያለው መስኮት አጠገብ አስተኛናት። ቀጭን ሴት ናት፤ ከንፈሯ ደርቋል። ስታየኝ አንድ ነገር ልትል አፏን ከፈተችና ምጡ መልሶ ያዛት። ወንበሬ ላይ ዘልዬ ወጥቼ ቁልፉን አዞርኩት።

ጭ።

ደገምኩት። ጭ።

ወርጄ ኮፈኑን ከፈትኩ። ባትሪ የሚለካበት ብርጭቆ ነበረኝ፤ ውስጡ ያለችው ተንሳፋፊ ከፍ ካለች ባትሪው ጤነኛ ነው፣ ከሰመጠች ባዶ ነው። የመጀመሪያውን ለካሁ፤ ሰመጠች። ሁለተኛውን ለካሁ፤ ሰመጠች። ምን እንደሆነ ለማወቅ አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀብኝም። ብርጭቆውን ቶሎ ኪሴ ከተትኩት።

«ምን ሆነ?» አሉ ጋሼ ጌታነህ ከኋላዬ።

«ትንሽ ነገር ናት። ትነሳለች።»

በማኒቬላ፣ ከፊት ገብቶ በእጅ በሚዞረው ብረት፣ እንደማይነሳ አውቃለሁ፤ ማኒቬላ ሞተሩን ያሽከረክረዋል እንጂ ብልጭታ የሚሰጠው ባትሪው ነው። ገፍተን እንዳናስነሳው መኪናው ዝቅ ያለ ጭቃ ውስጥ ነው። አንድ ተስፋ ብቻ ነበረኝ፤ ሐኪሙ ያሉኝ። አንድ ሰዓት ቢያርፍ ይመለሳል። አንድ ሰዓት ሰውን የማቆይበት ነገር ካገኘሁ ማንም ሳያውቅ ይነሳል። ቁልፉም በእጄ ይቀራል፣ ማይክሮፎኑም።

የሰፈሩ ሽማግሌ ሐጂ ሙሳ ምርኩዛቸውን ተደግፈው መጡ። አማርኛቸው አጭርና ቀጥተኛ ነው።

«ሾፌር፣ እውነት ንገረኝ። ይነሳል ወይስ አይነሳም?»

«ይነሳል ሐጂ።»

«ከመቻራ የቡና መኪና አለ። ሰባት ሰዓት ላይ መገንጠያው ጋ ያልፋል፣ አሰበ ተፈሪ ነው የሚሄደው። አሁን ሲሬዋን ብናነሳ» አሉ፣ አልጋዋን ማለታቸው ነው፣ «ስምንት ጎረምሳ አለ። እየተፈራረቀ ያደርሳታል።»

«ሐጂ፣ ግማሽ ሰዓት ብቻ።»

ወደ ፀሐይዋ አዩ። ከዚያ ወደ ዩያ። ዩያ ወደ እኔ አየ። ዓይኑ ውስጥ የነበረው እምነት ዛሬም ያስፈራኛል፤ ሰው እንደዚያ የሚያምነው የሚያመልከውን ብቻ መሆን አለበት።

«ግማሽ ሰዓት ከሆነ እንጠብቅ» አለ በኦሮምኛ። «ዳገት ቁልቁለቱ ያንገላታታል።»

ከዋርካው አጠገብ ሻይ ቤት ያላት እትዬ ዘይነባ ደግሞ እጇን በሽርጧ እየጠረገች መጣች። ወፈር ያለች፣ ሳቂታ፣ ለወንድ የማትመለስ ሴት ናት።

«ወንድሜ ሰይፉ፣ የእኔ ሬዲዮ የሚናገረው በመኪና ባትሪ ነው» አለችኝ። «ትናንት ነው ገለምሶ ተሞልቶ የመጣው። ላምጣልህ እንዴ? ዜናው ለአንድ ቀን ቢቀርብኝ አልሞት።»

ጋሼ ጌታነህ ከኋላዬ ቆመዋል። «አዎ» ብል «ባትሪው ለምን ባዶ ሆነ?» ይሉኛል። መልሱን ደግሞ ገበያው በሙሉ ለሁለት ሰዓት ሲሰማው ውሏል።

«ችግሩ ባትሪው አይደለም» አልኳት።

«ታዲያ ምንድነው?»

«ዲናሞው ነው።»

«አንተ ታውቃለህ» አለችና ተመለሰች።

አንባቢዬ፣ ያቺን አረፍተ ነገር ተመልከታት። ሦስት ቃል ናት። ከጻፍኩትም ከተናገርኩትም ሁሉ ሰው ያለ ጥርጥር የተቀበለኝ እሷን ነው።

የውሸት ጥገናዬን ጀመርኩ። የባትሪዎቹን ጫፍ በፍል ውሃ አጠብኩ። ቺንጋውን ፈታሁ፤ ቺንጋ ዲናሞውንም ሞተር የሚያቀዘቅዘውን የውሃ ፓምፕም የሚያዞረው ጎማ ቀበቶ ነው። ዲናሞውን አወረድኩ። ውስጡ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፉትን ካርቦኖች አውጥቼ በብርጭቆ ወረቀት ሞረድኩ። ሰዉ ከቦኝ ያያል፣ ያደንቃል። «ጣቱን እይ፣ ጣቱን» ይላሉ። በየመሃሉ ሾፌሩ ወንበር ላይ ወጥቼ ቁልፉን አዞራለሁ። ጭ። ኋላ ነው የገባኝ፤ ባትሪው አርፎ የሚሰበስባትን ትንሿን ጉልበት በየሙከራው ራሴ እጨርሳት ነበር።

የሙሚና ድምፅ ከመጋረጃው ኋላ ይመጣል። መጀመሪያ ጩኸት ነበር። ከዚያ ማቃሰት ሆነ። ማቃሰቱ ረዘም እያለ፣ ዝቅ እያለ ሄደ። እኔ ድምፅ ሲሟሽሽ አውቃለሁ፤ ጧት የራሴን ሰምቻለሁ።

ሐጂ ሙሳ ሁለት ጊዜ መጡ። ሁለተኛ ሲመጡ ስድስት ሰዓት አልፎ ነበር።

«ግማሽ ሰዓትህ ረዘመ።»

«አሁን ሐጂ። አሁን ልገጥመው ነው።»

«አልጋዋን እናንሳ?»

«አሁን ከወጣችሁ እኮ እኔ ነኝ መንገድ ላይ የምደርስባችሁ» አልኳቸው፤ ሳቅም ጨመርኩበት። የሳቅሁትን ሳስታውስ ፊቴን የማደርግበት አጣለሁ።

ዲናሞውን እጄ ላይ እንደያዝኩ ሰባት ሰዓት ሆነ። ከሸለቆው ማዶ፣ ከመገንጠያው በኩል፣ የጭነት መኪና ጥሩንባ ተሰማ። ረዥም፣ ሁለት ጊዜ። ሾፌሮች መገንጠያ ላይ ተሳፋሪ ካለ ብለው የሚነፉት ነው። ገበያው ሁሉ ወደዚያ ዞረ። ሞተሩ ለጥቂት ጊዜ ቆሞ ሲያጓራ ቆየ። ከዚያ ማርሽ ቀየረ። ከዚያ እየራቀ እየራቀ ጠፋ።

ሐጂ ሙሳ ምርኩዛቸውን ጭቃው ላይ ሁለት ጊዜ መቱና ወደ ጥላው ሄዱ።

ያኔ ልናገር ነበር። እውነቴን ነው፣ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ነገር ግን ዲናሞውን ላስቀምጥ ስል ካርቦኑን የሚገፋው ስፕሪንግ አፈትልኮ ጭቃው ውስጥ ገባ። የጣት ጥፍር የምታህል ሽቦ ናት። እሷ ከሌለች ዲናሞው አይገጥምም፤ ዲናሞው ካልገጠመ ቺንጋው የሚዞርበት የለም፤ ቺንጋው ካልዞረ ሞተሩ ቢነሳም ግሎ ይነድዳል። ለውሸት የፈታሁት ነገር እውነተኛ ብልሽት ሆነ።

«ጠፋች» አልኩ።

ገበያው በጉልበቱ ተንበረከከ። ጫት ሻጮቹ ሴቶች፣ የቡና ነጋዴዎቹ፣ ሐጂ ሙሳም ምርኩዛቸውን ጥለው። ጭቃውን በጣታቸው እያበጠሩ አንድ ሰዓት ያህል ፈለጉ። ያገኛት ዩያ ነው። በሁለት እጁ መዳፍ ላይ አድርጎ፣ እንደ እህል ፍሬ፣ አመጣልኝ። እስከ ጢሙ ጭቃ ሆኗል።

«ይህች ናት?»

«እሷ ናት።»

«አልሐምዱ ሊላህ» አለና ወደ መስኮቱ ሮጦ ለሙሚና «ተገኘ! ተገኘ!» አላት።

ስፕሪንጓን አስገብቼ፣ ዲናሞውንና ቺንጋውን መልሼ፣ የመጨረሻውን ብሎን ሳጠብቅ ጋሼ ጌታነህ አጠገቤ ቁጢጥ አሉ። ከኪሴ ብቅ ያለውን ብርጭቆ መዝዘው አወጡት። መርፌ የሚያነብ ሰው ብርጭቆ ማንበብ አይከብደውም። ባትሪው ውስጥ ነክረው አዩት።

«ይህች ነገር መስመጧ ምን ማለት ነው?»

ብሎኑን ማጥበቄን ቀጠልኩ።

«ሰይፉ።»

«ባዶ ማለት ነው።»

«ይህን መቼ አየህ?»

«ቅድም። ቁልፉ እንቢ እንዳለ።»

አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻል ነበር። ፊታቸው ብቻ አረጀ። ተነስተው ወደ ሻይ ቤቱ ጮኹ፦ «ወይዘሮ ዘይነባ! ያንን ባትሪ አምጪልን!»

እትዬ ዘይነባ ባትሪውን ደረቷ ላይ አቅፋ እየሮጠች መጣች። ሬዲዮዋን ለመንቀል እንኳ አልታገሰችም፤ ሁለት የተበጠሱ ሽቦዎች ይንጠለጠሉበታል። እጀታውን ወደ ታች አወረድኩ። ባትሪውን አገናኘሁ። ሁለት ጎረምሶች ማኒቬላውን ያዙ። አንድ ጊዜ አሽከረከሩት፤ በሁለተኛው ሞተሩ ተነሳ።

ይህን ያህል ነበር። አምስት ደቂቃ።

ገበያው እልል አለ። አርባ ሰው መኪናውን ከጭቃው በትከሻው አወጣው። ሐጂ ሙሳ በመስኮቱ አንገታቸውን አስገብተው ዱዓ አደረጉልኝ። ለእኔ! ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል።

ስለ መንገዱ ብዙ አልጽፍም። ገለምሶን አለፍን። ክሩስኮቱ ላይ፣ ከመሪው ፊት ባለው ሰሌዳ፣ አንዲት ቀይ መብራት አለች፤ ዲናሞው ባትሪውን የማይሞላ ከሆነ ትበራለች። ጠፍታ ነበር። ዲናሞው ምንም እንከን የለበትም፤ ከዚያም ቀን በፊት አልነበረበትም። ዩያ ከኋላ የሙሚናን እጅ ይዟል። ቀና ባልኩ ቁጥር በመስተዋቱ ውስጥ ዓይኑን አገኘዋለሁ፤ «ጀባዱ፣ በርታ» ይለኛል። በደሳን አልፈን ዳገቱን ስንያያዝ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። እግሬን እስከ ወለሉ ረግጫለሁ። መኪናው ይንቀጠቀጣል፣ ዕቃው ይንኳኳል።

ጋሼ ጌታነህ መጥተው እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አደረጉ።

«ቀስ ብለህ ንዳ» አሉኝ። «አሁን መቸኮል አያስፈልግም።»

አሰበ ተፈሪ ስንደርስ ሐኪሙ በር ላይ ወጡ። ገብተው አዩዋት። ልጁም አልተረፈም። ሲወጡ «ሦስት ሰዓት ቀድመን ብንደርስስ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ረዘም ላለ ጊዜ ጠረጉት። «ምናልባት» አሉኝ። ይህች ቃል በማንኛውም ቋንቋ እንዲህ ክፉ መሆኗን አላውቅም ነበር። ከዚያ ከልማድ፣ እጄ ሥራ ስለፈለገ፣ ኮፈኑን ከፍቼ ባትሪውን ለካሁ። ተንሳፋፊዋ ከፍ ብላ ቆመች። ባትሪው ሞልቶ ነበር።

ጋሼ ጌታነህ ወረቀት ላይ «በመኪና ብልሽት ምክንያት ዘግይተን ደረስን» ብለው ጻፉ። እኔን አላዩኝም። ከሁለት ወር በኋላ ወደ ሌላ አገር ተዛወሩ፤ ሲሰናበቱኝ «ለዚያ ሰው አንተ ነህ መንገር ያለብህ» አሉኝ።

ሲነጋጋ ሙሚናን ወደ አገሯ መለስናት። ከቀብር በኋላ ልሄድ ስል ዩያ ጠራኝ። እጄ ገና በጥቁር ዘይትና በጭቃ እንደተለበጠ ነው። ውሃ በጣሳ ይዞ መጥቶ «ለእኛ ስትደክም ነው የዋልከው፣ ታጠብ» አለኝ። ቆሞ አፈሰሰልኝ። አሸሁት፤ አልለቀቀም። ጨምሮ አፈሰሰልኝ። «አላህ ይስጥህ» አለኝ።

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ ወዲህ ቁልፉን ለሐኪሙ መለስኩ፤ ምክንያቱን አልነገርኳቸውም። ማይክሮፎን አልያዝኩም። ግጥም ለመጻፍ ተቀምጬ አውቃለሁ፤ «ድምፄን ስሙልኝ» ያልኩበት ቀን ከመጋረጃው ኋላ የነበረው ድምፅ ይመጣና ብዕሬን ያስጥለኛል። ያን ቀን መሰማት የነበረበት የእኔ አልነበረም። አንዳንዴ በቀን በቀትር፣ ሰው መሃል ቆሜ፣ የዚያ የቡና መኪና ጥሩንባ ይሰማኛል። ሁለት ጊዜ ነፍቶ፣ ለጥቂት ጊዜ ቆሞ ይጠብቃል። ከዚያ ማርሽ ይቀይራል።

ይህን ለእናንተ ለመጻፍ ባለፈው ወር ወሰንኩ። ወረቀቱን ስዘረጋ ግን የጋሼ ጌታነህ ቃል መጣብኝ። ለማያውቋት ሰዎች ነግሬ ለእሱ ሳልነግር? በጭነት መኪና እስከ መገንጠያው ሄድኩ። ዳገቱን በሰዓት እየለካሁ ወጣሁት። ሃምሳ ደቂቃ ፈጀብኝ።

ዩያ ጫት እየቆረጠ ነበር። አወቀኝ። ጠጉሩ ሸብቷል፤ ገና ሠላሳ አልሞላውም። ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ስለ እጀታው፣ ስለ ግጥሙ፣ ስለ ብርጭቆው፣ ለእትዬ ዘይነባ ስለ መለስኩላት መልስ ነገርኩት። በኦሮምኛ ነው የነገርኩት፤ በአማርኛ የማሳምረው መስሎኝ ፈራሁ። ማጭዱን ጭኑ ላይ አስቀምጦ እስከ መጨረሻው ሰማኝ።

ሊመታኝ ይችላል ብዬ አስቤ ነበር፤ ቢመታኝም አልነሳም ነበር።

«ሰምታህ ነበር» አለ በመጨረሻ። «ያን ቀን ጧት ቤት ውስጥ ሆና። 'ይህ ሰውዬ የጠፋ በሬ ነው የሚጠራው?' አለችኝ። ሳቀች። በሁለት ቀን ውስጥ የሳቀችው ያኔ ብቻ ነው።»

እኔ ቁልቁል ወደ ዋርካው አየሁ።

«'አይነሳም' ብትለኝ አነሳት ነበር» አለ። «ያን ሰዓት። በጀርባዬም ቢሆን።»

«አውቃለሁ።»

«አታውቅም። መኪናው ውስጥ ሆና 'ይሸከሙኝ' ብላኛለች። ሁለት ጊዜ። 'ቱሪ፣ ቆዪ' አልኳት። 'ሰውየው ይነሳል ብሏል' አልኳት። ጥሩንባው ሲያልፍ እጄን ለቀቀችኝ።» ማጭዱን አነሳው፣ መልሶ አስቀመጠው። «ሦስት ዓመት ያንን አልጋ ብቻዬን ተሸክሜዋለሁ። ያስቆምኳት እኔ ነኝ ብዬ።»

ተነሳ። እኔም ተነሳሁ። ይቅር አላለኝም፤ አልጠየቅኩትምም።

«አሁን አንዱን ጫፍ ያዝ» አለኝ።

እስከ መገንጠያው ሸኘኝ። ቁልቁለቱን እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሆነን፣ አልጋ እንደያዙ ሰዎች እርምጃችንን አስተካክለን ወረድን።